«ከልክ በላይ አጥብቄው ይሆን?»፦ ስለ ሞተር ብሎኖች ከጅማ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። በፈረንጆች 2003 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። ባለፈው እሑድ የሞተሩን ዘይት፣ ፊልትሮውንና ካንዴላዎቹን ራሴ ቀየርኩ፤ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) የላይ ክዳን ዘይት ያወዛ ስለነበር ጓርኒሲዮኑን (ማሸጊያ ጎማውን) አብሬ ለወጥኩት። የብሎንን ጥብቀት የሚለካው ቶርክ ሬንች የለኝም። የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን በ14 ቁጥር መፍቻ ካጠበቅኩ በኋላ እንዳይፈታ ብዬ መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቼ ጨመርኩበት። መጀመሪያ ጠነከረ፤ ከዚያ ትንሽ ልስልስ ብሎ ዞረ፤ ያኔ አቆምኩ። ከክዳኑ ብሎኖችም አንዱ አልጠብቅ ብሎኛል። እስካሁን ከመኪናዋ ሥር ጠብታ አላየሁም። ታክሲ የሚሠራ ጓደኛዬ ‹የጠበቀ ብሎን ምን ይሆናል? ተወው› ይለኛል፤ ጎረቤቴ ደግሞ ‹ግማሽ ዙር መልሰህ አላላው› ይላል። በሚመጣው ሳምንት ቤተሰቤን ይዤ ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ካንዴላዎቹንም ከልክ በላይ አጥብቄ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ላድርግ?»

ከሁለቱ ምክሮች አንዱንም አይከተሉ። ብሎኑ እንዳለ አይተው፣ ግማሽ ዙርም አይመለስ፤ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ መታየት አለበት፤ ይህም ከጉዞው በፊት ይሁን። እንዲህ አስረግጬ የምናገረው ከጻፉት ሁሉ አንዱ ዓረፍተ ነገር ስለያዘኝ ነው፦ «መጀመሪያ ጠነከረ፤ ከዚያ ትንሽ ልስልስ ብሎ ዞረ»። በትክክል እየጠበቀ ያለ ብሎን እጅ ላይ እየከበደ ይሄዳል እንጂ ከከበደ በኋላ አይለሰልስም። ከለሰለሰ አንዱ ብረት እጁን ሰጥቷል ማለት ነው። እጁን የሰጠው ወይ ሮንዴላው (በብሎኑ ራስ ሥር የሚገባው ቀለበት) ነው፣ ወይ ብሎኑ ራሱ ነው፣ ወይም ብሎኑ የሚገባበት የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ሳህን) ጥርስ ነው። ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው።

ጠብታ አለማየትዎ ብዙም አያጽናናም። ኮፓው ውስጥ ያለው ዘይት ግፊት የለበትም፤ ፓምፑ የሚፈጥረው ግፊት ያለው ከፓምፑ በኋላ ባሉት መስመሮች ነው፤ ማፍሰሻው ላይ የሚያርፈው የዘይቱ የራሱ ክብደት ብቻ ነው። ስለዚህ ጥርሱ ከግማሽ በላይ የተበላ ብሎን እንኳ ሮንዴላው በደንብ ከተጨፈለቀ መኪናዋ ደጅ ቆማ ለብዙ ቀን ዘይቱን ሊይዝ ይችላል። የጎደለው ነገር ሌላ ነው፤ ብሎኑን በንዝረት ውስጥ በቦታው የሚያቆየው ውጥረት ነው። ያ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው በከተማ ውስጥ አጭር ጉዞ ሳይሆን ሞተሩ ለሰዓታት ሲግልና ሲንቀጠቀጥ ነው።

ይህን ለመረዳት ብሎን ምን እንደሚሠራ በትክክል ማሰብ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ብሎንን እንደ ችንካር ያየዋል፤ እስከ መጨረሻው ከገባ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ብሎን ግን የተወጠረ ሞላ ነው። ራሱ ከመቀመጫው ጋር ከተገናኘ በኋላ የምንጨምረው እያንዳንዱ ዲግሪ የብሎኑን አካል በጥቂቱ ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠው ብረት ወደ ነበረበት ለመመለስ ሲጎትት ሁለቱን ክፍሎች አጣብቆ ይይዛል። በአነስተኛ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች ላይ የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር፣ የጥርሱ እርምጃ (ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት) 1.25 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የአምራቹ መመሪያ የሚያዘው ጥብቀት ወደ 38 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዣ ኃይል መለኪያ) ነው። ይህ ቁጥር ትንሽ ይመስላል። በብሎኑ ላይ የሚፈጥረው ውጥረት ግን ወደ 1,600 ኪሎግራም ክብደት የሚጠጋ ነው፤ ከኮሮላዋ ከራሷ ክብደት ይበልጣል። አንድ ጣት የምታህል ብሎን መኪናዋን ሙሉ አንጠልጥላ የምትይዝበት ጉልበት ተሰጥቷታል ማለት ነው። ከዚህ በላይ መጨመር ጥንካሬ መስሎ ቢታይም ብረቱ ሊመለስ ከሚችልበት ወሰን ወደሚያልፍበት መግፋት ነው፤ ወሰኑን ያለፈ ብረት ደግሞ ተለጥጦ ይቀራል እንጂ መልሶ አይጎትትም።

አሁን ወደ ቱቦው ልመለስ፤ ጥፋቱ ያለው እዚያ ነው። የ14 ቁጥር መፍቻ ርዝመቱ 18 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። መሣሪያው አጭር የተደረገው ሰው በተለመደ የእጅ ጉልበቱ ከልክ እንዳያልፍ ታስቦ ነው፤ በዚያ ርዝመት 38 ኒውተን ሜትር ላይ ለመድረስ ጫፉን በ21 ኪሎ ያህል ኃይል መጫን ይበቃል። ርዝመቱን በቱቦ ወደ 60 ሴንቲሜትር ሲያሳድጉት ያው የ21 ኪሎ ግፊት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። በ40 ኪሎ ከተጫኑት ደግሞ 235 ኒውተን ሜትር ይደርሳል፤ ይህም ከሚገባው ስድስት እጥፍ ነው። 8.8 የሚል የጥንካሬ ማኅተም ያለው ባለ 12 ሚሊሜትር የብረት ብሎን፣ በብረት ውስጥ ሲታሰር እንኳ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ጥብቀት ወደ 85 ኒውተን ሜትር ነው። ቱቦ ብሎን ለመፍታት ያገለግላል፤ ለማጥበቅ ግን ከመሣሪያ ሳጥንዎ ውስጥ ቦታ ሊኖረው አይገባም።

እጅ የሚሳሳትበት ሌላም ምክንያት አለ። መፍቻውን ስንጫን ከምናወጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉ በብሎኑ ራስ ሥር ባለው ሰበቃ፣ ወደ 40 በመቶው ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ባለው ሰበቃ ያልቃል፤ ብሎኑን ለመወጠር የሚተርፈው አንድ አሥረኛው ገደማ ነው። ስለዚህ ሰበቃው በትንሹ ሲለወጥ ውጥረቱ በብዙ ይለወጣል። በዘይት የረጠበ ጥርስ በዚያው የእጅ ስሜት ሲሶ ያህል ተጨማሪ ውጥረት ሊያገኝ ይችላል። በአንጻሩ እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበትና የመኪናው ሆድ ዓመቱን ሙሉ ከጭቃ በማይለይበት ቦታ የዛገና አፈር የያዘ ጥርስ ሳይጠብቅ የጠበቀ ይመስላል። ስሜቱ የሚታመነው ጥርሱ ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ብሎን ከመመለሱ በፊት ጥርሱም ቀዳዳውም በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ።

ጓደኛዎ «የጠበቀ ብሎን ምን ይሆናል» ሲሉ ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ በልኩ የተወጠረ ብሎን ንዝረትን ይቋቋማል። ከልክ ያለፈው ግን ውጥረቱን የሚሸከምለት ጤነኛ ብረት አጥቷል። የብሎን ጥርሶች ሸክሙን እኩል አይካፈሉትም፤ ወደ ራሱ የቀረበው የመጀመሪያው ጥርስ ብቻ ሲሶ ያህሉን ይይዛል። እሱ ሲላጥ ሸክሙ ወደሚቀጥለው ይዞራል፤ ያም ሲላጥ ወደሚከተለው። የጎረቤትዎ ምክር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ግማሽ ዙር በ1.25 እርምጃ ጥርስ ላይ ከ0.6 ሚሊሜትር በላይ መመለስ ነው፤ ብሎኑ በትክክል ጠብቆ ሳለ የሚለጠጠው ግን ጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ግማሽ ዙር የተመለሰ ብሎን «ትንሽ ላላ» አይባልም፤ ሙሉ በሙሉ ለቋል፤ ከዚያ በኋላ የሚይዘው የቆሸሸ ጥርሱ ብቻ ነው።

የዚህን ዓይነት መጨረሻ በዓይኔ አይቻለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሲመጣ የነበረ አንድ ሚኒባስ ጊቤን ተሻግሮ ወደ አበልቲ ሽቅብ ሲወጣ የዘይት መብራቱ ይበራል። ሹፌሩ «ቀጣዩ መንደር ላይ አየዋለሁ» ብሎ ይቀጥላል፤ መንደሩ ሳይደርስ ሞተሩ ያንኳኳል። ተጎትቶ መጥቶ ከሥሩ ስገባ ማፍሰሻው ብሎን ግማሹ ወጥቶ እንደ ላላ የበር እጀታ ይወዛወዛል፤ መፍቻ አላስፈለገኝም፣ በሁለት ጣት ሳብኩት። በጥርሶቹ መካከል ቀጭን የአሉሚኒየም ክር ሳይበጠስ ሦስት ጊዜ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ነበር፤ የኮፓው ጥርስ ነው፣ ሙሉውን ተላጥቶ ከብሎኑ ጋር ወጥቷል። ከዚያ በፊት በተደረገው የዘይት ቅየራ ብሎኑ በቱቦ ተጠብቆ እንደነበር ሹፌሩ ነገረኝ። ብሮንዚናው (የኮሎው ተሸካሚ) ተቃጥሎ ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ተፍቆ ነበር። የዚያ ሁሉ መነሻ አንድ ሮንዴላና አንድ ብሎን ነው።

ስለዚህ ብሎኑን እንዲህ ይፍቱት። መኪናዋን ደረቅና ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ያቁሙ። ዝናብ በጠጣ ቀይ አፈር ላይ ክሪክ ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ስለዚህ ግቢዎ አፈር ከሆነ ሲሚንቶ ያለው ሰው ዘንድ ይሂዱ። ክሪክ ለማንሳት ብቻ ነው፤ ከመኪና ሥር የሚገባው በጠንካራ የብረት መደገፊያ ከተደገፈ በኋላ ነው። ዘይቱ ለብ ያለ ይሁን እንጂ የጋለ አይሁን፤ ከመንገድ የገባ ሞተር ዘይት እጅን ይልጣል። በደንብ የታጠበና የደረቀ ሰፊ ሳህን ያዘጋጁ፤ ዘይቱ ገና አዲስ ስለሆነ ሳይቆሽሽ ከተቀበሉት መልሰው ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ብሎኑን ያለ ቱቦ፣ ቀስ ብለው ይፍቱ። እየዞረ ወደ ውጭ የማይወጣ ከሆነ ጥርሱ ተበልቷል፤ እንዳይታገሉት፣ እዚያው ይተዉትና መኪናዋን ሳያስነሱ ባለሙያ ያስጠሩ።

ከወጣ በኋላ ምርመራው ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ማግኔት ወስደው ኮፓውን ማፍሰሻው አጠገብ ይንኩት፤ ከያዘ ኮፓው ብረት ነው፣ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው። ይህ አስፈላጊ የሆነው ብረት ኮፓ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ብሎኑ ሲሆን፣ አሉሚኒየም ላይ ግን ብሎኑ ደህና ሆኖ ኮፓው ስለሚጎዳ ነው። ቀጥሎ ከመለዋወጫ ሱቅ ያመጡትን አዲስ ብሎን ከአሮጌው ጋር ጥርስ በጥርስ አግጥመው ወደ ብርሃን ይያዙት። ጥርሶቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተገጣጠሙ አሮጌው አልተለጠጠም፤ ከአንድ ቦታ ጀምሮ ብርሃን በመካከላቸው ማለፍ ከጀመረ ወይም ከራሱ በታች ወገቡ የቀጠነ ከመሰለ ተለጥጧል፤ ይጣል። በመጨረሻ አዲሱን ብሎን ያለ መፍቻ፣ በጣት ብቻ ወደ ቀዳዳው ያስገቡት። ጤነኛ ጥርስ ብሎኑን እስከ ራሱ ድረስ በጣት ያስገባዋል። መንገድ ላይ ከቆመ ወይም ገብቶ ወደ ጎን ከተወዛወዘ ጥርሱ ተጎድቷል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በጥብቅ ላሳስብ። ባለ 12 ሚሊሜትር ብሎን በ1.25፣ በ1.5 እና በ1.75 እርምጃ ይሠራል፤ ሱቅ ውስጥ አንድ ሣጥን ውስጥ ተደባልቀው ሲቀመጡ ልዩነታቸው በዓይን አይያዝም። «12 ነው» ተብሎ የተሸጠልዎትን ብሎን ከአሮጌው ጋር ሳያገጥሙ በመፍቻ ካስገቡት፣ ያልተበላውን ጥርስ በገዛ እጅዎ ይበሉታል። ሱቅ ሲሄዱ አሮጌውን ብሎን ይዘው ይሂዱ።

የተጎዳው ሮንዴላው ወይም ብሎኑ ብቻ ከሆነ ነገሩ በአዲስ ብሎንና በአዲስ ሮንዴላ ያልቃል፤ ከሦስቱ ዕድሎች ቀላሉ ይህ ነው። ሮንዴላ ደግሞ በእያንዳንዱ የዘይት ቅየራ የሚለወጥ ነገር ነው። አንድ ጊዜ የተጨፈለቀ ሮንዴላ ሁለተኛ ጊዜ ስለማይታዘዝ ሰው «ያንጠባጥባል» ብሎ ብሎኑን ወደማጥበቅ ይሄዳል፤ አብዛኛው ከልክ ያለፈ ጥብቀት የሚጀምረውም እንዲህ ነው።

ጥርሱ አፉ ላይ ብቻ ከተጎዳ በ12 በ1.25 ጥርስ ማውጫ ሊቃና ይችላል። የማውጫው ጎድጓዶች ላይ ግራስ ይቀባ፤ ፍቅፋቂው ወደ ኮፓው እንዳይወድቅ ይይዘዋል፤ ከዚያም ጥቂት ንጹሕ ዘይት ከላይ አፍስሶ በቀዳዳው ማጠብ ይገባል። ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ከተበላ ግን ኮፓው ወርዶ ወደ ቶርኖ ቤት ይሂድ። አሉሚኒየም ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቶ ሄሊኮይል የሚባለው የብረት ሽቦ ጥርስ ይገባለታል፤ በአግባቡ የገባ ሄሊኮይል ከፊተኛው የአሉሚኒየም ጥርስ የበለጠ ጠንካራ ስለሆነ እንደ ጊዜያዊ መላ አይቆጠርም። ብረት ከሆነ ውስጡ የተበየደው ዳዶ ተነስቶ ሌላ ይበየዳል፤ ወይም ኮፓው ይለወጣል። ኮሮላ የሞላበት አገር ስለሆነ ደህና ያገለገለ ኮፓ ማግኘት ብዙ አያስቸግርም፤ ከብየዳውም እሱን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ስስ ላሜራ በብየዳ ሙቀት ከተጣመመ ጠርዙ ሙሉ ዙሪያውን ዘይት ማወዛቱ አይቀርም። ጥርስ እየቆረጠ የሚገባው ወፈር ያለ ብሎንም በአንዳንድ ሱቅ ይገኛል። እሱ መኪናዋን ከመንገድ ወደ ጋራዥ ለማድረስ ያህል ይሁን፤ ጠማማ ከገባ ቀዳዳውን ለሄሊኮይልም እንዳይሆን ያደርገዋል።

ፈጽሞ የማልቀበለው መላ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን፣ ቃጫ ወይም ሲሊኮን መጠቅለል ነው። ይህ ከቧንቧ ሥራ የመጣ ልማድ ነው። የቧንቧ ጥርስ ወደ ጫፉ የሚቀጥን በመሆኑ ውሃን የሚዘጋው ጥርሱ ራሱ ነው። የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ጥርስ ግን ከላይ እስከ ታች እኩል ነው፤ ዘይቱን የሚዘጋው ሮንዴላው እንጂ ጥርሱ አይደለም። ስለዚህ የተጠቀለለው ነገር ፍሳሹን ለጊዜው ቢደብቅም ለብሎኑ አንዳች የመያዝ ኃይል አይጨምርለትም፤ የተቆራረጠው ሲሊኮንም በዘይት ፓምፑ ወንፊት ላይ ይለጠፋል።

የክዳኑ ብሎን ጉዳይ ከዚህ ይለያል። እነዚያ ብሎኖች 6 ሚሊሜትር ናቸው፤ የሚፈልጉት 10 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከማፍሰሻው ብሎን አንድ አራተኛ ያህል ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም። ከሥሩ ያለው የጎማ ጓርኒሲዮን የሚታተመው ክዳኑ ብረት ከብረት ጋር እስኪገናኝ ድረስ ሲጨመቅ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጨመር ጉልበት ክዳኑን ከማጉበጥና ጥርሱን ከመብላት በቀር መታተሙን አያሻሽልም። ክዳን ከተጠበቀ በኋላ ካወዛ ምክንያቱ የጓርኒሲዮኑ መሸብሸብ፣ ማዕዘን ላይ የሚገባው ሲሊኮን መረሳት ወይም የአሮጌው ጓርኒሲዮን ቅሪት ነው። ብሎኖቹም ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር እየተመላለሱ ይጠበቃሉ እንጂ አንዱ ተጨርሶ ወደሚቀጥለው አይኬድም። አልጠብቅ ያለዎት ብሎን የቴስታታውን የአሉሚኒየም ጥርስ በልቷል፤ ደግመው አይሞክሩት። የሚያንጠባጥበው ዘይት የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ካረፈ ይጨሳል፤ ሊቀጣጠልም ይችላል፤ ስለዚህ «አንድ ብሎን ቢጎድል ምን አለ» አይባልም። እሱም በ6 በ1 ሄሊኮይል ይጠገናል። ቀዳዳው ሲሰፋ የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ወደ ቴስታታው ውስጥ እንዳይገባ ዙሪያው በጨርቅ መሸፈኑን ቆመው ይዩ።

ስለ ካንዴላዎቹ ግን እንቅልፍዎን ይተኙ። በካንዴላ ቡሶላና በአጭር ክሪኬት (በሚሰካ መፍቻና በእጀታው)፣ ያለ ቱቦ ካጠበቁ እና ማፍሰሻው ላይ የተሰማዎት መለስለስ ካልተሰማ እንዳሉ ይተዉአቸው። «ላረጋግጥ» ብሎ መልሶ ማጥበቅ ራሱ ጉዳት ነው፤ የቆመን ብሎን ለማስነሳት የሚያስፈልገው ጉልበት ስለሚበልጥ ሳያስቡት ይጨምራሉ። ለወደፊቱ ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘበት ጊዜ ካንዴላው በጣት እስከ መቀመጫው ይገባል፤ ከዚያ አዲስ ሮንዴላ ያለው ካንዴላ ግማሽ ዙር ያህል፣ ሮንዴላው አንድ ጊዜ የተጨፈለቀ ደግሞ የአንድ ዙር አሥራ ሁለተኛ ያህል ብቻ ይጨመርለታል። በመሣሪያ ከሆነ በእነዚህ ሞተሮች ላይ ከ18 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ነው፤ ትክክለኛውን የሞተርዎ መመሪያ ይሰጥዎታል። ጥርሱ ላይ ዘይት አይቀባም። በጣም ማላላትም ደህና አይደለም፤ ካንዴላ ሙቀቱን ወደ ቴስታታው የሚያስተላልፈው በመቀመጫው በኩል ስለሆነ በደንብ ያልተቀመጠ ካንዴላ ከልክ በላይ ይግላል።

ቶርክ ሬንች መግዛት ከቻሉ ሁለት መጠን ያስፈልጋል፤ እስከ 200 ኒውተን ሜትር የሚደርሰው ትልቁ ለጎማ ዳዶዎች ጥሩ ቢሆንም 10 ኒውተን ሜትር ላይ አይታመንም። «ቀጭ» ሲል አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ለእርግጠኝነት ሦስት ጊዜ ማስጮህ መጨመር ነው። መለኪያውንም በደንብ ያንብቡ። በአንዱ ጎን ኒውተን ሜትር፣ በሌላው ፉት ፓውንድ ተጽፏል፤ አንድ ፉት ፓውንድ 1.36 ኒውተን ሜትር ስለሆነ 38ን በተሳሳተው ጎን የሞላ ሰው ወደ 52 ኒውተን ሜትር አጥብቋል።

እስከዚያው ግን ጅማ ውስጥ በቀላሉ የሚገኝ ምትክ አለ፤ ቡናና እህል የሚመዘንበት ባለ መንጠቆ ተንጠልጣይ ሚዛን። ክሪኬቱን ወይም መፍቻውን ከብሎኑ መሃል 30 ሴንቲሜትር ለክተው ምልክት ያድርጉ፤ የሚዛኑን መንጠቆ እዚያ ላይ አሥረው ከመፍቻው ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ቀስ ብለው ይሳቡ። ሚዛኑ 13 ኪሎ ሲያሳይ ብሎኑ 38 ኒውተን ሜትር አግኝቷል። ለክዳኑ ብሎኖች በ20 ሴንቲሜትር ላይ 5 ኪሎ ነው። ሚዛኑ ወደ ጎን ካዘነበለ ቁጥሩ ይዋሻል፤ መፍቻውም አጭር ከሆነ ርዝመቱ ይቀንስና ኪሎው በዚያው ልክ ይጨምር፦ በ18 ሴንቲሜትር 38 ኒውተን ሜትር ለማግኘት 21 ኪሎ ተኩል ያስፈልጋል። ይህን ዘዴ ለተማሪዎቼ ሁሉ አሳያለሁ፤ በተለይ 5 ኪሎ በ20 ሴንቲሜትር ምን ያህል ቀላል እንደሆነ እጃቸው ሲያውቀው የክዳን ብሎን የመብላት ልማዳቸው ይቀራል።

ዘዴው ወሰን አለው። የቴስታታ ብሎኖች፣ የቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) እና የኮሎ ብሎኖች በብዙ ሞተሮች መጀመሪያ በተወሰነ ኃይል፣ ቀጥሎ በዲግሪ እየተቆጠረ የሚጠብቁ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ሆን ተብሎ እስከ መለጠጥ ወሰናቸው ስለሚጠበቁ አንድ ጊዜ ከተፈቱ ይጣላሉ። እነዚህን በሚዛንም በስሜትም አይንኩ።

እንግዲህ የማዝዎት ይህ ነው። የአዲስ አበባው ጉዞ 350 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ወደ ጊቤ ቁልቁል ወርዶ ከባድ ሽቅብ የሚወጣበት መንገድ ስለሆነ ተጠራጥረው የሚሄዱበት አይደለም። በዚህ ሁለት ቀን ውስጥ ብሎኑን ይፍቱ፣ ይመርምሩ፤ የክዳኑን ጥርስ በማንኛውም ሁኔታ ያስጠግኑ፤ ማፍሰሻው ብሎን በጣት የማይገባ ወይም የሚወዛወዝ ከሆነ ኮፓውንም በዚያው ቀን ያስጠግኑ፤ በጣት ከገባ አዲስ ብሎንና አዲስ ሮንዴላ አድርገው በ38 ኒውተን ሜትር ያጥብቁና በነጭ ቀለም ከብሎኑ ራስ ወደ ኮፓው የሚያልፍ ቀጭን መስመር ያስምሩ። ዘይቱን ይሙሉ፤ ሞተሩ የሚይዘው ዘይት ከ4 ሊትር በታች ስለሆነ በመለኪያ ዱላው ላይ እያዩ እንጂ ጋሎኑን እንዳለ አያፍሱ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ የዘይት መብራት የዘይት መጠን መለኪያ አይደለም፤ ሲበራ ግፊቱ አስቀድሞ ወድቋል፤ ስለዚህ በጉዞም ሆነ በሙከራ ላይ ከበራ እዚያው ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ።

ከዚያ ወደ አጋሮ ደርሰው ይመለሱ፤ ደርሶ መልስ 90 ኪሎሜትር ያህል ይሆናል፤ ሞተሩ በደንብ ይግልበታል። ሲመለሱ መኪናዋን ሌሊቱን ንጹሕ ካርቶን ላይ ያሳድሯት። ጠዋት የነጩ መስመር ሁለት ክፍሎች እንደተገናኙ ካሉና ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ ቤተሰብዎን ይዘው ይሂዱ። መስመሩ ከተሰበረ ወይም ካርቶኑ ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ ካለች መልሰው አያጥብቁ፤ ጉዞውን በሌላ መኪና ያድርጉት፣ ኮሮላዋ ኮፓዋ እስኪወርድ ጅማ ትቆይ።